የበረራ ቀን ቁርስ

አብራሪ ለመሆን ምን ያስፈልጋል ብለው የሚጠይቁኝ ወጣቶች ዛሬም አሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ የማይከብደው፣ ዓይኑና ጆሮው ጤነኛ የሆነ ይችላል እላቸዋለሁ። ቀጥዬም ስለ ክፍል ትምህርቱ፣ ስለ በረራ ሰዓቱ፣ ስለ ፈተናው አስረዳቸዋለሁ። በእኔ ጊዜ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ወረቀት ነበር፤ የወላጅ ፈቃድ። እኔን ከአውሮፕላን ሊያስቀረኝ የነበረው ሒሳብም እንግሊዝኛም አልነበረም፤ ያ ወረቀት እንዲፈረምልኝ ብዬ የገባሁት ቃል ነው።

ያደግኩት አምቦ ነው፤ ያኔ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። አባቴ በአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በሳንባ ምች ሞተ። እናቴ የግንደበረት ሰው ናት። ከካቺሲ ቅቤ እያስመጣች ገበያ ላይ በመሸጥ እኔንና ታናሽ እህቴን አስተማረች። ቅቤ ነጋዴ ሆና እንደ እሷ ጾም አጥባቂ የሆነ ሰው አላየሁም። ሁዳዴ ሲገባ ገበያዋ ይሞታል፤ እሷ ግን ቅሎቿን አጥባ ትሰቅልና ደስ ብሏት ትጾማለች። ጎረቤቶቻችን፣ ሰው እንጀራው የሚዘጋበትን ቀን እንዲህ በጉጉት ይጠብቃል ወይ እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ አየር መንገዱ ወጣቶችን ለአብራሪነት እንደሚያሠለጥን የሚገልጽ ማስታወቂያ ትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ከእኛ ክፍል ሦስት ሆነን አዲስ አበባ ሄደን ተፈተንን። መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና፣ ቀጥሎ ቃለ መጠይቅ፣ በመጨረሻ ሐኪም ነበር። ሐኪሙ በቀለም ነጠብጣብ ውስጥ የተደበቀ ቁጥር አስነበበኝ፤ በሚሽከረከር ወንበር አዙሮ አዙሮ ካቆመኝ በኋላም ወለሉ ላይ በተሠመረ መስመር አስሄደኝ። ሁለቱ ጓደኞቼ ወደቁ፤ አንዱ በዓይኑ፣ ሌላው በጽሑፉ። እኔ አለፍኩ። ዕድሜዬ ገና ስላልሞላ ግን እናቴ በጣቷ አሻራ ፈቅዳ፣ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ማኅተም መትቶበት የሚመለስ ወረቀት ተሰጠኝ።

እናቴ የወረቀቱን ነገር ስነግራት ምንም አላለችም። ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አላለችም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ልብሴን ታጥብልኛለች፣ አታናግረኝም። በአራተኛው ቀን ጨነቀኝና እኛ አገር ሰው ሚስት ሲፈልግ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ በገዛ እናቴ ላይ ሽማግሌ ላክሁ። ሰፈሩ ሲሰማ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ብሎ ሳቀ። እኔ ለሳቅ የሚሆን ልብ አልነበረኝም። ወረቀቱ በአሥር ቀን ውስጥ ካልተመለሰ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል ተብሎ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የንስሐ አባታችን፣ ከካቺሲ የመጣው የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ እና እናቴ በሱቁ ደጃፍ ቅቤ የምትሸጥበት ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ። ጨርቅ ነጋዴው አስቀድሞ ተናገረ፤ ዕቃውን ከአዲስ አበባ የሚያመጣለት የጭነት መኪና ከአውሮፕላን ይበልጥ ሰው እንደሚገድል አስረዳ። አጎቴ ደግሞ ነገሩን በቃል ሊያስር ፈለገ። ልጁ የፈለግሽውን ቃል ይግባልሽ፣ ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለም ወይ አላት። እናቴ የተቆጣችው ያን ጊዜ ነው። እዚህ የተቀመጥነው የወለድኩት እንዳይጠፋ ነው፣ ይህን ተረት ከቤቴ አውጣልኝ አለችው። አጎቴ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቃት።

ከዚያ ወደ ንስሐ አባታችን ዞረች።

"አባ፣ ሰው በልቶ ይቆርባል?"

"አይቆርብም" አሉ።

"እንግዲያው ልጄም በልቶ ሰማይ አይገባም። ጾም በሆነ ቀን ሁሉ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ ላይቀምስ ይማልልኝ፤ ከዚያ እፈርማለሁ።"

አባ ወደ እኔ ዞሩ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ማልኩ። በዚያ ዕድሜ ላለመብላት መማል አይከብድም፤ ያኔ ከእናቴ ይህን ያህል በርካሽ መገላገሌ ነበር የታየኝ። እናቴ አውራ ጣቷን ቀለም ላይ ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ ጣቷን ለረጅም ጊዜ አላነሣችም።

ትምህርቱ የተጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ነፋስና ደመና፣ ስለ ሞተር፣ ስለ ካርታና ኮምፓስ፣ ስለ ሬዲዮ አነጋገር ወራት ተማርን። ከዚያ በባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ከአስተማሪ ጋር መብረር መጣ። የአዲስ አበባ አየር ስስ ነው፤ ሞተር ይደክምበታል፣ ሰውም ይደክምበታል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ የምንበረው ጧት ጧት ነበር። ስለዚህ በጾም ቀን የምበረው ሁልጊዜ በባዶ ሆዴ ሆነ።

ከበረራ በፊት በየጧቱ የምንፈርምበት መዝገብ ነበር። በቂ እንቅልፍ ተኝቻለሁ፣ መጠጥ አልጠጣሁም፣ ሕመም የለብኝም፣ ቁርስ በልቻለሁ ይላል። በመጀመሪያው ረቡዕ ስፈርም እጄ ከበደኝ። የነቢያት ጾም ሲገባ ግን እጄ ለምዶት ነበር። ጓደኞቼ ቁርስ ቤት አለመግባቴን ስለሚያውቁ፣ መዝገቡ ላይ ሳጎነብስ ባዩኝ ቁጥር ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እያሉ ይጎነትሉኝ ነበር። እስቅላቸዋለሁ፣ እፈርማለሁ። ለእናቴ የገባሁት ቃል መስቀል የተሳለምኩበት ነው፤ መዝገቡ ግን የመሥሪያ ቤት ወረቀት ነው ብዬ ለራሴ ፈርጄ ነበር።

አስተማሪዬ የጎጃም ሰው ካፒቴን ነበሩ። ቁጥብ ናቸው፤ ሲያመሰግኑም ሲቆጡም ድምፃቸው አንድ ነው። ተማሪ ሲሳሳት መሪውን አይነጥቁትም፤ ስህተቱን ራሱ እስኪያየው ድረስ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። በነቢያት ጾም አንድ ጧት ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ካረፍኩ በኋላ ማኮብኮቢያው ዳር አስቆሙኝና ወረዱ። በሩን ዘጉ፤ ብቻዬን እንድነሣ በእጃቸው አመለከቱኝ። የእሳቸው ወንበር ባዶ ስለሆነ አውሮፕላኑ ቀለለና እኔ ካሰብኩት ቀድሞ ተነሣ። አንድ ዙር ዞሬ አረፍኩ። መንኮራኩሮቹ ያለ ምንም ንዝረት መሬት ነኩ። የያዘኝ ጾሜ ነው ብዬ አመንኩ፤ ይህ እምነት ከውሸቱ ፊርማ ይልቅ ጎዳኝ።

ለንግድ በረራ ፈቃድ የሚቀርብ ሠልጣኝ ሁለት መቶ ሰዓት ገደማ መብረር ነበረበት። ከዚያ ውስጥ ብቻውን ራቅ ወዳለ ከተማ ሄዶ የሚመለስበት በረራ አለ። የእኔ ወደ ነቀምቴ ሆነ፤ ጊዜው የሁዳዴ አምስተኛ ሳምንት ነበር። እንደ ልማዴ ፈርሜ ተነሣሁ። በአውቶቡስ ስመላለስበት የኖርኩትን መንገድ ከላይ ተከተልኩት፤ ሆለታ፣ ጊንጪ፣ ከዚያ ደንዲ ሐይቅ በግራ በኩል፣ ከዚያ አምቦ። የቤታችንን ጣሪያ ፈለግኩ። ከቆርቆሮዎቹ መካከል የትኛው እንደሆነ ሳልለየው አለፈ።

ነቀምቴ በደህና አረፍኩ። የሜዳው ጠባቂ ፊቴን አይቶ ሻይና ቂጣ አቀረበልኝ። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም አልኩት። ሽማግሌ ነበር፤ አንገቱን ነቅንቆ ቂጣውን መልሶ ጠቀለለው።

የዚያ አውሮፕላን ነዳጅ በሁለቱ ክንፎች ውስጥ ነው። አብራሪው በየግማሽ ሰዓቱ አንዲት ማዞሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየለወጠ ይበራል። ይህን በሕልሜም ቢጠይቁኝ እመልሰዋለሁ። በዚያ ቀን ግን ከአዲስ አበባ ከተነሣሁ ጀምሮ አንድም ጊዜ አልለወጥኩም። አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ይከብድብኝ ነበር፤ ነፋስ መሰለኝና በመሪው እየደገፍኩት በረርኩ። ስመለስ ከበታቼ አንድ ወንዝ አየሁ። የትኛው ወንዝ ነው ብዬ ካርታውን ገለጥኩ። ጉደር ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የዋኘሁበትን ወንዝ በካርታ የፈለግኩ መሆኔ ያን ጊዜ እንኳ አላስደነገጠኝም፤ ቀዝቃዛ ላብ አልቦኝ፣ ራሴ ባዶ ሆኖ ተቀምጬ ነበር።

ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለና ቆመ። የነፋሱ ፉጨት ብቻ ቀረ። ማድረግ ያለብኝን አውቀዋለሁ፤ ግን እውቀቱ ሌላ ሰው ዘንድ ያለ ያህል ራቀኝ። የማርፍበት እርሻ መፈለግ ጀመርኩ። ከፊት ለፊቴ የአምቦ ጣሪያዎች ያበሩ ነበር። እናቴ አሁን ከነዚያ ከአንዱ በታች ናት ብዬ ሳስብ እጄ በራሱ ወደ ማዞሪያዋ ሄደ። ቀኙን ከፈትኩ። ሞተሩ አመንትቶ፣ አመንትቶ ተነሣ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከመሬት ግን ብዙ አልራቅኩም ነበር።

አዲስ አበባ አርፌ ለማንም አልተናገርኩም። መካኒኩ ነዳጅ ሲለካ ግን የግራው ደርቆ፣ የቀኙ ከግማሽ በላይ ሞልቶ አገኘው። ካፒቴኑ አስጠሩኝ። መዝገቡ ጠረጴዛቸው ላይ ተከፍቶ ነበር። ስለ ነዳጁ አልጠየቁኝም።

"ዛሬ ምን በላህ?" አሉኝ።

በላህ ወይ ቢሉኝ ኖሮ አዎን እል ነበር። ምን ሲሉኝ የምጠራው ምግብ አጣሁ። ምንም አልኩ። መዝገቡን ወደ ኋላ እየገለጡ የጾም ቀኖቹን አንድ በአንድ እየጠቆሙ ጠየቁኝ። ለእያንዳንዱ ምንም አልኩ። ለእናቴ የማልኩትንም ነገርኳቸው። ሲጨርሱ መዝገቡን ዘጉት።

"እኔም ጿሚ ነኝ" አሉኝ፤ "በማልበርበት ቀን። ጾሙ የአንተና የእግዚአብሔር ነው፤ እኔ አልገባበትም። ፊርማው ግን ለእኔ የሰጠኸኝ ቃል ነው። ነገ ከኋላህ የሚቀመጠው ሰው የአንተን ሆድ ሊያይ አይችልም፤ የሚያየው ይህን ፊርማ ነው።"

አሥር ቀን ከበረራ አገዱኝ። በአሥረኛው ቀን ወይ በልቼ እንድመጣ፣ ወይ ሻንጣዬን ይዤ እንድሄድ ነገሩኝ። ድምፃቸው ያው ነበር።

በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ አምቦ ገባሁ። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ የፊርማውን ውሸት፣ የሞተሩን መቆም። ይገርማል፣ ስለ ውሸቱ ምንም አላለችም።

"ሞተሩ ሲቆም የት ነበርክ?" አለችኝ።

"ከጉደር ወዲህ። እዚሁ ልደርስ ስል።"

እንዝርቱን አስቀመጠች። ነጠላዋን ለብሳ ወጣችና ንስሐ አባታችንን ይዛ ተመለሰች።

አባ ነገሩን እንደ ዳኛ መረመሩት። መንገደኛ ጾም ቢከብደው ምሕረት አለው አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ደርሶ መመለስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቁኝ። ግማሽ ቀን አይሞላም አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ለመንገዱ በበቅሎ የሚሄዱትን ቀናት በጣታቸው ቆጠሩና፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ቤቱ የሚገባ ሰው መንገደኛ አይባልም ብለው ፈረዱ። በእውነት የሚያሳዝናቸው ይመስል ነበር። ሳልወድ ሳቄ መጣና ዋጥኩት፤ ሕይወቴ በአንዲት በቅሎ ሊወሰን ነው ብዬ ነበር።

ከዚያ ቀጥለው ሰው ትጭናለህ ወይ አሉኝ። አሁን ብቻዬን ነኝ፤ ፈቃዱን ካገኘሁ ግን ከሃያ ሰው በላይ አልኳቸው። በመጨረሻ ወደ እናቴ ዞሩ። መሐላውን የጠየቅሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ እግዚአብሔርን ይቅርታ እለምንለታለሁ፣ የሚፈታው ግን ያሰረው ነው አሏት።

እኔ ወለሉን አያለሁ። እምቢ ብትል በማግሥቱ ሻንጣዬን ላመጣ ወስኜ ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

"ኢልማ ኮ" አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። "ብላ። እኔ አለሁ።"

ተነሥታ ጎረቤት እንዳያይ በሩን ዘጋች። ስድስት ሰዓት ገደማ ነበር። እንጀራ በሽሮ አቀረበችልኝ። አባ ጸሎት አድርሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሷ ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እያንዳንዱን ጉርሻ ተመለከተች። አንዲት ጉርሻ ማስተረፍ ፈርቼ ጨረስኩት።

ከዚያ በኋላ በልቼ ፈረምኩ። ካፒቴኑ አንድ ወር ሙሉ ምን በላህ እያሉ ጠየቁኝ፤ እንቁላልና ዳቦ፣ በጾም ጊዜ ቂጣና ሻይ እያልኩ መለስኩ። ከዚያ መጠየቁን ተዉት፤ የሰጡኝ ትልቁ ምስጋና እሱ ነበር። ዓይንን ከውጭ የሚከልል ቆብ አድርጌ በመሣሪያ ብቻ መብረርን ተማርኩ። ያን ጊዜ ነው ሰውነት እንደሚዋሽ ያወቅኩት፤ ሆዴ ወደ ግራ እየዞርክ ነው ይለኛል፣ መሣሪያው ቀጥ ብለሃል ይላል፣ የሚታመነው መሣሪያው ነው። በመጨረሻ የመንግሥት መርማሪ አጠገቤ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ያህል ፈተነኝ። በባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሞተር እንደጠፋ አድርጎ እንዴት እንደምይዘው አየ፤ ያለንበትን ቦታ በካርታ አስፈለገኝ፤ ሕጉን በቃሌ አስወጣኝ። ፈቃዱ ትንሽ ደብተር ነበር። አምቦ ወስጄ ለእናቴ አሳየኋት። ስሜ የት እንደተጻፈ ጠየቀችኝና በጣቷ ነካችው።

ለዓመታት ዳኮታ በሚባለው የመንገደኞች አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ሆኜ ሠራሁ፤ ከዚያ ካፒቴን ሆንኩ። ወደ ምዕራብ ስንሄድ በአምቦ ላይ እናልፋለን። በዕረፍት ቀኔ ቤት እሄዳለሁ፤ እናቴ አብራኝ ትበላለች፣ ከሁላችንም ቀድማ ታጎርሰኛለች። እየከሳች መሄዷን አይቻለሁ። እርጅና ነው አልኩ። እህቴ አምቦ አስተማሪ ሆና አብራት ትኖር ነበር፤ እሷም እርጅና ነው ትለኝ ነበር።

ካፒቴን በሆንኩበት ዓመት እናቴን አክሱም ጽዮንን ላሳልማት ይዣት በረርኩ። ፋሲካ አልፎ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ ነው። ባሕር ዳር፣ ጎንደር እያረፍን የምንሄድበት ረጅም ቀን ነበር። ከጎንደር ከተነሣን በኋላ ሆስተሷ ወደ እኛ ገባች።

"ካፒቴን፣ እናትዎ ከጧት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ሻይም ውሃም እምቢ አሉኝ። ልጄ ሳይወርድ አልበላም ነው የሚሉት።"

ፈርታ ይሆናል አልኩ። ረዳቴ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። አክሱም አርፈን፣ የመጨረሻው ተሳፋሪ ወርዶ፣ እኔ መሬት ስረግጥ ግን እናቴ አውሮፕላኑ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ከቤት ያመጣችውን ዳቦ ፈትታ ስትበላ አገኘኋት። አበላሏ የአንድ ቀን ረሃብተኛ አበላል አልነበረም። ቀስ ብላ፣ እንደለመደችው ሥራ ትበላ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት።

"ያኔ የለቀቅኩት አንተን ነው እንጂ ጾሙን አልለቀቅኩትም" አለችኝ። "አባም ያውቃሉ። አንተ ሰው ጭነሃል፣ ትበላለህ። እኔ ማንን ጭኛለሁ? የትኛውን ቀን እንደምትበር ስለማላውቅ ሁሉንም ቀን ያዝኩት። ማታ ከገጠር ሜዳ አውሮፕላን አይነሣም ብለኸኝ የለ፤ ጀንበር ስትጠልቅ እበላለሁ።"

"እኔ ቤት ስመጣ ግን አብረሽኝ ትበያለሽ።"

"ቤት ስትመጣ መሬት ላይ ነሃ።"

ተናደድኩ። እናቴ ላይ ጮህኩባት፤ በሕይወቴ ያን አንድ ቀን ነው። ቁርሴን በበላሁበት በእያንዳንዱ ጧት፣ በዚያ ሁሉ ዓመት፣ ረሃቤን ተሸክማልኝ ኖራለች። እህቴም ታውቅ ነበር፤ እንዳትነግረኝ አስምላት ነው። እንድትተወው ለመንኳት። ዳቦዋን ጠቅልላ ጽዮንን እንድናይ ተነሣች።

ጾሙን ላስተዋት ስላልቻልኩ ሌላ መላ አመጣሁ። የወሩን የበረራ ፕሮግራም እየገለበጥኩ በአውቶቡስ ሰው እጅ ለእህቴ መላክ ጀመርኩ። እህቴ ታነብላታለች፤ የምበርበትን ቀን ትጾማለች፣ ዕረፍት የምሆንበትን ትበላለች። በዚህ ተስማማች። የዕረፍት ቀኖቼ ግን ጥቂት ነበሩ። ሦስተኛው ወር ላይ ሁለት የበረራ ቀን ዕረፍት ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ አራት። ቀጥሎ እጥፍ። ለዚህ እጄ አልከበደኝም። እህቴ በደብዳቤዋ የእናታችን ጉንጭ እንደተመለሰ፣ ገበያም ራሷ መውጣት እንደጀመረች ጻፈችልኝ። ደብዳቤውን ኪሴ ውስጥ ይዤ ብዙ ቀን ዞርኩ።

በመስከረም አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ ወደ ነቀምቴ በረርኩ። በዝርዝሩ ላይ ዕረፍት ብዬ የጻፍኩት ቀን ነበር። ከሦስት ሰዓት ጥቂት አልፎ ደመናው በደንዲ በኩል ተከፈተና አምቦ ታየኝ፤ ጣሪያዎቹ በዝናብ ታጥበው ነበር። አሁን ቁርሷን እየበላች ነው አልኩ በልቤ። ይህን ያልኩት ደስ እንዲለኝ ነው። ደስታው ግን አልመጣም። በዚያ ፈንታ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ መመልከት ጀመርኩ። ሁለቱም ሞተሮች ደህና ነበሩ፣ ነዳጁ ደህና ነበር፣ እኔም ሁለት እንቁላልና ዳቦ በልቼ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በእሷ ጾም አላምንም ነበር፤ ቢያንስ እንደማላምን አስብ ነበር። በዚያ ጧት ግን ከበታቼ የሚጾምልኝ ሰው እንደሌለ አወቅኩና ፈራሁ። ሃያ ሁለት ሰው ከኋላዬ ተቀምጧል። ረዳቴ ደህና ነህ ወይ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት።

ምንም አልሆንንም። በደህና አርፈን በደህና ተመለስን።

በወሩ መጨረሻ የሚቀጥለውን ፕሮግራም ልገለብጥ ተቀመጥኩ። የእህቴን ደብዳቤ፣ የእናቴን ጉንጭ አሰብኩ። ከዚያ የበረራውን ቀኖች አንዱንም ሳልቀንስ እንዳሉ ጻፍኳቸው። ስዋሽ የዋሸሁት ለእሷ ነበር፤ እውነቱን የጻፍኩት ለራሴ ነው። እህቴ፣ በዚህ ወር ምነው በረራ በዛብህ ብላ ጻፈችልኝ፤ አልመለስኩላትም። እናቴ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አስነብባ ከሰኞ ጀምሮ ጾሟን ያዘች።